ያለ ቡፌ፣ ያለ ዞኮሎ፦ ሐይቅ ከተማ ዳር ቤት ስሠራ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ተዳፋት ላይ ያለች የቤተሰብ ቦታ ነበረችን። ቤት ልሠራ ስነሳ ሰው ሁሉ የሚያሳየኝ ፎቶ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ነጭ ሣጥን የመሰለ፣ ጣሪያው ከግንብ ጀርባ የተደበቀ። «ሂድን ሩፍ» ይሉታል። ማማሩን አልክድም፤ ግን የሐምሌ ዝናብና በረዶ እዚያ ግንብ መሃል ተጠራቅሞ መውጫ ሲያጣ የሚወርደው ሳሎን ላይ ነው። እኔ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነበለ የኤጋ ቆርቆሮ መረጥኩ። ውሃው በአንድ አሸንዳ ወርዶ ሮቶ ውስጥ ይገባል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው፤ 80 ካሬ ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበበት፣ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ 800 ሊትር ይሰጣል።

መሬቱን በማሽን ደልድለው ያሉኝ ብዙ ነበሩ። አልደለደልኩም። ወለሉን በሁለት ደረጃ አድርጌ መኝታ ቤቶቹን ከፍ፣ ሳሎኑንና ማድቤቱን ዝቅ አደረግሁ። ከቤቱ በላይ ደግሞ ገበሬ ማሳው ላይ እንደሚያወጣው ያለ ፈሰስ አስወጣሁ፤ ጎርፉ መሠረቱን ሳይነካ በጎን ያልፋል።

ብዙ ያሰብኩት አቅጣጫው ላይ ነው። አካባቢያችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ በሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ትልልቆቹን መስኮቶች ወደ ደቡብ አዞርኩና የጣሪያውን ክፈፍ 60 ሳንቲ ብቻ አስረዘምኩ። በውርጩ ወራት ፀሐይ ገብታ ሊሾውን ታሞቀዋለች፤ በክረምት በዚያ በኩል ዝር አትልም። የቤቱ ስፋት አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ነፋሱ ከፊት ገብቶ በኋላ ይወጣል። እንዲህ ጠባብና ረጅም ቤት በመሥራት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ለአርክቴክቶች የሚሰጠውን ትልቁን የፕሪትዝከር ሽልማት ያገኘው አውስትራሊያዊው አርክቴክት ግሌን መርከት ነው።

ግድግዳው ያልተለሰነ የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ውፍረቱ 50 ሳንቲ። ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። ድንጋይ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ላስታ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች አሉ። በብረት ላይ ግን አልሰሰትኩም። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ስለዚህ ከታች ግሬድ ቢም፣ ከላይ ቶፕ ታይ ቢም በሚባሉ ብረት ባላቸው የአርማታ መቀነቶች ዙሪያውን ታስሯል።

ቀላል የሚመስል ቤት እጅ ይፈልጋል። ልስን ከሌለ የኤሌክትሪኩ ቱቦ የሚደበቅበት የለም፤ ማብሪያ ማጥፊያው የት እንደሚሆን ድንጋዩ ሳይደረደር መቆረጥ አለበት። የግድግዳውን ግርጌ የሚሸፍነው ዞኮሎ ከቀረ ደግሞ የወለሉና የግድግዳው መገናኛ በውሃ ልክ ቀጥ ማለት አለበት። ግንበኛው «ወንድሜ፣ ይሄማ ከልስን ይከብዳል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሒሳቡንም በዚያው ልክ ጨመረ። አጎቴ ግን እስከ ዛሬ በመጣ ቁጥር «አንተ ልጅ፣ ታዲያ መቼ ነው የምታስለስነው?» ይለኛል።

ትልቁ ክርክር ከእናቴ ጋር ነበር። «ቡፌ የሌለው ሳሎን? ሰው ምን ይለኛል?» ሶፋም እንደማይገባ ስትሰማ ደግሞ ባሰባት። በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር መደብ አሠራሁ፦ ውስጡ ድንጋይ፣ ፊቱ በጭቃ የተመረገ፣ ከፍታው 40 ሳንቲ፣ ስፋቱ 70፤ እግር አጣጥፎ ለመቀመጥም ይበቃል። ከስሩ ለረከቦትና ለሲኒ የሚሆን ጓዳ ጓዳ ተትቶለታል። የምርጊቱ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ እየተረገጠ ሳምንታት ቆየ፤ ሳይበስል ከለጠፉት ይሰነጣጠቃል። ወሎ ውስጥ እንግዳ ተቆጥሮ አይመጣም፤ መውሊድ አለ፣ ቅሬ (እድራችን) አለ፣ ቡናው አለ። ሶፋ ልኩ የታወቀ ነው፤ መደብ ላይ ግን «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል ሌላም ሰው ይገባል። ይህን ካየች ወዲህ እናቴ ቡፌውን ትታዋለች።

መጋረጃውን ግን አልተወችም። ደቡቡ መስኮት ላይ ተሰቅሏል፤ በበጋ ቀን ቀን እንዲገለጥ ተስማምተናል።