ቁጥሩ ከየት መጣ?

በኤአርቲ (የኤችአይቪ ሕክምና) ክፍል የምንሠራ ነርሶች የቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ውጤት ትዳር ሲያናጋ አይተናል።

ባልና ሚስቱ የቆዩ ታካሚዎቻችን ናቸው። የሁለቱም ቫይረስ ለዓመታት በምርመራ አይታይም ነበር። ሚስት እናቷን ልታስታምም ገጠር ሄደች። ዘመድ በሞላበት ቤት መድኃኒቱን ተደብቆ መዋጥ አልሆነላትም፤ አቋረጠችው። ስትመለስ ውጤቷ ከ40 ሺህ በላይ ሆነ። ባልየው ጮኸ። «ሲስተር፣ የኔ እኮ አሁንም አይታይም! የሷ ከየት መጣ? ከሌላ ሰው ነው!» እሷ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች።

«ማታ የተዳፈነ ፍም ጠዋት ሲገለጥ አይተው የለ?» አልኩት። «ቫይረሱም እንደዚያ ነው። አመዱ ደግሞ የራሳችን ሕዋስ ነው።»

ይህ ነገር ሁሌም ይደንቀኛል። ኤችአይቪ ሲዲ 4 የተባለ የበሽታ መከላከያ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ዘረመሉን ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ያጣብቃል። ከዚያ ወዲያ ለመባዛት የሕዋሱን ፕሮቲኖች ይፈልጋል። ሕዋሱ ሲያርፍ ግን አያገኛቸውም። ኤችዳክ የሚባሉት ኢንዛይሞች ዲኤንኤው ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ጥብቅ ብሎ እንዲጠቀለል ያደርጋሉ፤ የቫይረሱ ዘረመል አይነበብም። ንባቡ መሐል ላይ እንዳይቆም የሚያግዘውን ፒቴፍቢን ደግሞ ሄክሲም 1 የተባለ ፕሮቲን ይዞ ያስቀረዋል። ንባቡን የሚያስጀምረው ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለው ፕሮቲንም ከኒውክለስ ውጭ ታግዶ ይቆያል። ቫይረሱ ተኛ የምንለው ይህን ነው። መድኃኒታችን የሚያግደው የሚባዛውን ቫይረስ ስለሆነ የተኛውን አይነካውም። ሕዋሱ በሌላ ኢንፌክሽን ወይም በሆነ ምክንያት ሲነቃ የታገዱት ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ፤ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። መድኃኒት ካለ መስፋፋት አይችልም። ከሌለ በሳምንታት ውስጥ ደም ውስጥ ይታያል።

መድኃኒት እየተወሰደም የተኛውን ቫይረስ ክምችት በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በመድኃኒት ብቻ ለመጨረስ ከ70 ዓመት በላይ እንደሚያስፈልግ አስልተዋል። የተኛውን ቀስቅሶ ለማጥፋት ሲሞከር በ2012 እ.ኤ.አ. ኤችዳክን የሚያግድ ቮሪኖስታት የተባለ የካንሰር መድኃኒት ለታካሚዎች ተሰጥቶ ቫይረሱን ቀስቅሶታል። መቀስቀሱ ብቻውን ግን ክምችቱን አላሳነሰውም።

ለባልየው ይህን ሁሉ ስም አልደረደርኩለትም። አጥብቄ የነገርኩት ይህን ነው፦ «መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ላይ ይህ ቁጥር የሚጠበቅ ነው። ስለ ታማኝነት ግን ምንም አይናገርም። እርስዎም ቢያቋርጡ ይነሳል።»

ዝም አለ። ቆይቶ «እኔም ውስጥ አለ?» አለኝ።

«አለ።»

ወደ ሚስቱ ዞሮ ለምን ደውላ እንዳልነገረችው ጠየቃት። ድምፁ ወርዷል።

አንዲት ባልደረባዬ መድኃኒቱ ይቀየር ብላ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። መድኃኒቱ ሳይዋጥ እንዴት አልሠራም ይባላል? ከሐኪሙ ጋር ተመካክረን በዚያው እንድትቀጥል ተደረገ፤ የምክር ክትትሉም ተጠናከረላት። ከ3 ወር በኋላ ውጤቷ ከ50 በታች ወረደ። አሁን ጥንዶች ሲመጡልን ስለተኛው ቫይረስ የምናስረዳቸው መድኃኒት በሚጀምሩበት ቀን ነው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጠን።