ያ የተረገመ ባቡር

ዛሬ ቤቴ ዋልኩ። ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝን ዲስክ በመጨረሻ ከፈትኩት። በ1978 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የጣልያን የጦርነት ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ኤንዞ ካስቴላሪ። የጣልያንኛ ርዕሱ «ያ የተረገመ ብረት ለበስ ባቡር» እንደማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ኢንግሎሪየስ ባስታርድስ» ይባላል። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ታራንቲኖ ለ2009ኙ ፊልሙ ርዕሱን የወሰደው ከዚህ ነው። ታሪኩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

1944፣ ፈረንሳይ። ጥፋተኛ የተባሉ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ እስር ቤት ሲወሰዱ በመንገድ ላይ በጀርመን አውሮፕላን ይመታሉ። የተረፉት ወደ ስዊዘርላንድ ለማምለጥ ይነሳሉ። ከዚያ የጀርመን ልብስ የለበሱ ወታደሮችን ያገኙና ይገድሏቸዋል። ለካ በድብቅ የተላኩ የራሳቸው ወገኖች ናቸው! እዚህ ጋ ፊልሙን አቆምኩት። ልቤ ተነካ። ሸሽተው ሊጠፉ የነበሩት ሰዎች የሟቾቹን ተልእኮ ይረከባሉ። የጀርመኖቹን የቪ-2 ሮኬት ቁልፍ ዕቃ ከባቡሩ መስረቅ አለባቸው።

ከተዋናዮቹ ፍሬድ ዊሊያምሰንን ሳላነሳ አላልፍም። የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው፤ ሰውነቱም፣ ፈገግታውም ስክሪኑን ይሞላል።

ልጅ ሆኜ ከአባዬ ጋር ያየሁት በተከራየነው ቪድዮ ካሴት ነበር። ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሌሊቱ ትዕይንት ጥቁር ብቻ ነበር። ዛሬ የወታደሮቹ ፊት ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ታየኝ። ፍንዳታውም ኮምፒውተር ያልነካው፣ የሰው እጅ ሥራ ነው። በጣም ደስ አለኝ።

እንዳለቀ ለአባዬ ደወልኩ። ርዕሱን ገና ሳልጨርስ «ባቡሩ ያለበት ነው አይደል? እሁድ ይዘኸው ና» አለኝ።