አንድ ሺህ አንድ

ዛሬ ማታ መሪውን የያዘችው ታናሽ እህቴ ነበረች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሁለት ወሯ ነው፤ በዝናብ ስትነዳ ግን የመጀመሪያዋ። ከፊታችን ካለው ነጭ መኪና ጥሩ ርቀት ጠብቃ፣ ተረጋግታ እየነዳች ሳለ አንዱ ከኋላ መጥቶ ተለጠፈብን። ረጅም መብራቱን አበራ፣ አጠፋ፣ ደግሞ አበራ። ቀጥሎ ክላክሱን ያዘው። እህቴ መሪውን ጭምቅ አድርጋ ስትይዝ አየሁ። ሳታስበው ነዳጁን ረገጠች፤ ከነጩ መኪና ጋር የነበረን ርቀት እያየሁት ተመናመነ።

«እግርሽን አንሺ» አልኳት። «እሱ ይቸኩል። አንቺ ከፊትሽ ያለውን እያየሽ ንጂ።»

አነሳች። ሰውየው እንደምንም ታክኮን አለፈን፤ ጎማው የረጨው ውሃ መስታወታችንን ሸፍኖት ለአፍታ ምንም አልታየንም። ቀጣዩ የትራፊክ መብራት ላይ ጎን ለጎን ቆምን።

ቤት ከገባን በኋላም ንዴቱ አልለቅ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው። መቸኮሉን ይቸኩል፤ እኔን ያንገበገበኝ ገና እጇ ያልጠናውን ልጅ በክላክስ እየገፋ ወደ አደጋ ማስጠጋቱ ነው። ብዙ ሰው ከፊቱ ክፍት ቦታ ሲያይ የባከነ መንገድ ይመስለዋል። ለእኔ ግን ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ውዱ እሱ ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፊት የፍሬን መብራት ሲበራ ዓይን አይቶ፣ ነገሩ ገብቶን፣ እግር ከነዳጅ ተነስቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ያልፋል። በዚያች ሰከንድ ፍሬኑ ገና ሥራ አልጀመረም፤ መኪናው በሙሉ ፍጥነቱ እየሄደ ነው። ከተረገጠ በኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። አስፋልቱ ሲረጥብ ከዚህም ይረዝማል። ስልክ ለማየት አምስት ሰከንድ ዓይኑን የነቀለ ሰው በዚሁ ፍጥነት ከ80 ሜትር በላይ በጭፍን ነድቷል። ስለ ስልክ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የሚያከራክር ነገር የለውም።

የጥድፊያው ትርፍ ደግሞ ሲሰላ ያሳዝናል። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ ያለምንም ማቆሚያ በ50 ብንነዳ 12 ደቂቃ፣ በ60 ብንነዳ 10 ደቂቃ ነው። ያቺን ሁለት ደቂቃም አንድ ሁለት ቀይ መብራት ይበላታል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በጥሩ መንገድ አልነበረም። የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት ቀለሙን አይቼ ነው። ሰው ነድቶ የሸጣት ነበረች፤ ግን ታብረቀርቃለች፤ ወንበሯም ንጹሕ ነው። በየሳምንቱ አጥባት ነበር። ኮፈኗን ግን ዘይት ከማየት ውጪ ከፍቼ አላውቅም። አንድ ቀን ረጅም ቁልቁለት ላይ አራተኛ ማርሽ ይዤ፣ እግሬን ፍሬን ላይ አሳርፌ እየወረድኩ ሳለ የሚቃጠል ሽታ ሸተተኝ። ከዚያ ፍሬኑ ለሰለሰ። ደግሜ ስረግጠው ወለል ድረስ ወረደ።

ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ሞተሩ ጮኸ፣ ግን ያዘልኝ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ስስብ ስለቅ መንገድ ዳር አቆምኳት። ከመኪናው ወርጄ እግሬ መቆም አቃተው። ከፊቴ ሃምሳ ሜትር ያህል ርቀው ሁለት ሴቶች ልጅ መሃል አድርገው መንገድ ሲሻገሩ ነበር። ዞር ብለውም አላዩኝም። እስካሁን ፊታቸውን ባላውቅም የለበሱትን አስታውሳለሁ።

መካኒኩ የፍሬን ዘይቱን ከፍቶ አሳየኝ፤ ጠቁሯል። «ይሄ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል» አለኝ። «ውሃ ሲገባበት ቶሎ ይፈላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘህ ስትወርድ ይግላል፣ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል። ዘይት ሲረገጥ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። አንተ የረገጥከው እንፋሎቱን ነው፣ ልጄ።» ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር ይመክራሉ። የእኔ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ሳይ መጀመሪያ የማስበው ማርሽ ነው፤ መውረድ ሳልጀምር ከባዱን፣ ማለትም ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባለሁ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጌ ረግጬ እለቃለሁ። የጀርመናዊው መኪና ፈልሳፊ የካርል ቤንዝ ሚስት በርታ ቤንዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ባሏ በሠራው ባለሦስት እግር መኪና ሁለት ልጆቿን ይዛ ጀርመን ውስጥ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዝ የእንጨት ፍሬኗ ቁልቁለት ላይ አልቆባት፣ ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲለብጥበት ያደረገችው እሷ ናት። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ረጅም መንገድ በመኪና የሄደችው የመጀመሪያዋ ሰው ያሰበችው ስለ መቆም ነው። እኛ መኪና ስንገዛ የምንጠይቀው ስንት እንደሚሮጥ፣ ስንት ነዳጅ እንደሚበላ ነው።

ጎማም እንደዚሁ ነው። ጥርሱ ስላላለቀ ብቻ ደህና ይመስለናል፤ ላስቲኩ ግን ቆሞም ያረጃል። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የኔዎቹን ባነበብኩ ቀን አራቱንም ቀየርኳቸው። የገንዘቡ ነገር አሞኛል፤ ግን ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የግዢውን ዋጋ ሲያስብ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት አብሮ መደመር አለበት። ያ ከሌለው መግዣውም የለውም ብዬ አምናለሁ። ፍሬኑ የሚያስፈልገው ለባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ የዚያን ቀን ከፊቴ ሲሻገሩ የነበሩት ሴቶች መኪናዬን አብረውኝ አልገዙም።

ወደ እህቴ ልመለስ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሰውየው ተፈትልኮ ሄደ። እሷ ግን አሁንም ትንፋሿ አልተመለሰም።

«ክፍተት ከተውኩ እኮ ሌላ ይገባበታል» አለችኝ።

«ይግባ። አንድ መኪና ሲገባ ስንት ሰከንድ ታጪያለሽ?»

አሰበች። «ሁለት?»

«አሥር ቢገቡስ?»

መልስ አልሰጠችኝም። ምሰሶ እንድትመርጥ ነገርኳት፤ ከፊት ያለው መኪና ምሰሶውን ሲያልፍ መቁጠር ትጀምራለች፣ በደረቅ መንገድ ሁለት ሰከንድ፣ ዛሬ ግን ዝናብ ስለሆነ አራት። ቁጥሩ ሳያልቅ ምሰሶው ጋ ከደረሰች ቀርባለች ማለት ነው። በልቧ ትቆጥራለች ብዬ ነበር፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሰከንድ እንዲሞላ አስረዝማ፣ ጮክ ብላ ጀመረች። «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት…» ቀርባ ነበር፤ እግሯን አነሳች፣ ሌላ ምሰሶ መረጠች። በሦስተኛው ሙከራ አራት ሞላላት።

ወዲያው አንድ ታክሲ ፍሬቻ ሳያበራ ከግራ መጥቶ ክፍተቱ ውስጥ ገባ። ዞር ብላ አየችኝ፤ ዝም አልኳት። እግሯን ከነዳጅ አነሳች፣ ታክሲው እስኪርቅ ጠበቀች፣ ከዚያ ከፊታችን ያለውን ምሰሶ በአገጯ እያመለከተች እንደገና «አንድ ሺህ አንድ» አለች።