አላርሙ አላስነሳንም፣ የውሃ ኩባያው አስነሳን

ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ቢሯችን ተቀምጦ መዋልን ለመቀነስ ስናስብ፣ መጀመሪያ የሁሉም ስልክ ላይ በየ30 ደቂቃው የሚጮህ አላርም ሞላን። ሳምንት አልቆየም። አላርሙ ባለጉዳይ እየተስተናገደ ይጮሃል፤ ሰው አጥፍቶት እዚያው ይረሳዋል።

ስለዚህ መነሳቱን ከሥራው ጋር አሰርነው። ባለ 1.5 ሊትሩ ሃይላንድ ከየጠረጴዛው ተነሳ፤ ውሃውም ፕሪንተሩም ኮሪደሩ ጫፍ ሄዱ፤ ለየሰው 250 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ኩባያ ቀረች። በድሬ ሙቀት ኩባያ ቶሎ ያልቃል፣ ሰውም ማንም ሳይነግረው ይነሳል። ረመዳን ሲገባ ለሚጾሙት ይህ አይሠራም፤ ያኔ ስልክ ቆሞ ማናገርን ልማድ አደረግን።

ሰው ስንራመድ የባት ጡንቻ እየተኮማተረ የእግርን ደም ወደ ልብ እንደሚገፋ ሲረዳ በደስታ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች ጥናትም ተቀምጠው የሚውሉት ሾፌሮች፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ይበልጥ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አሳይቷል።

ቆሞ ለመሥራት አናጢ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የጣውላ ሣጥን ሠርቶ 75 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ጫነልን። ለሁሉም አንድ ልክ ማሠራታችን ትልቁ ስህተት ነበር፤ አጠር ያሉት ትከሻቸውን ሰቅለው እየጻፉ አንገታቸውን ታመሙ። ልኩ የሚወሰደው ከክርን ነው። ጫማ እንዳደረጉ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ክርንን 90 ዲግሪ ማጠፍ፣ ከወለል እስከ ክርን መለካት፤ ኪቦርዱ እዚያው ልክ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሣጥኑን ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አስቆረጥነው፤ ረጃጅሞቹ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እየደረቡ ያስተካክሉታል። ላፕቶፕ ከሆነ ኪቦርዱ ለብቻው መሆን አለበት፤ አለዚያ ስክሪኑን ለማየት አንገት ይጎብጣል። አንድ ቦታ ተገትሮ መቆምም እግር ያሳብጣል፤ ከ20 ደቂቃ አናስበልጥም፣ አንዱን እግር 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን መርገጫ ላይ እያፈራረቅን እናሳርፋለን። ጉልበታቸውን የሚያማቸውንና ነፍሰ ጡሮችን ቁሙ አንልም።

የውጭ እርምጃው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ አይቻልም፤ 5 ደቂቃ ኮሪደሩ ውስጥ እንመላለሳለን።

ያስቸገረን የገንዘብ ያዧ ወንበር ነው። ካዝና ትተው መነሳት አይችሉም፤ ተተኪ ቢመደብ ደግሞ በየጊዜው ሒሳብ መረካከብ ይመጣል። ስለዚህ ባለጉዳይ በተሸኘ ቁጥር እዚያው መስኮቱ ጋ ቆመው፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው፣ ተረከዛቸውን 15 ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ።