የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ሞት መቁጠር

በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ የሚሠራ ኤፒዴሚዮሎጂስት (በሽታና ሞት በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚከሰቱ የሚያጠና ባለሙያ) ከምንም በላይ የሚደክመው ሞትን በትክክል ለመመዝገብ ነው። እኔን ወደዚህ ሙያ የሳበኝ የቡታጅራ ጥናት ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ በአንድ የከተማና በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች፣ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየተከታተለ መመዝገብ ጀመረ።

በመስክ ሥራ ከምንጠይቃቸው ሁሉ የሚከብደው «ሲወለድ አልቅሶ ነበር?» የሚለው ነው። ካለቀሰ፣ ከተነፈሰ ወይም ከተንቀሳቀሰ በሕይወት ተወልዶ እንደሞተ ይመዘገባል፤ ካልሆነ ግን ሞቶ እንደተወለደ ይቆጠራል። አንዲት እናት ዝም ስትል አማቷ ቀድመው «አልቆየም» ብለው መለሱልኝ፤ እናቲቱ ግን ቀና ብላ «ድምፁን ሰምቼዋለሁ» አለች። መዝገቡ የተስተካከለው በእሷ ቃል ነው። ስም ሳይወጣለት የሞተን ልጅ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ስለማያነሣው፣ ጠያቂው ካልታገሠ ያ ሞት ሳይቆጠር ይቀራል።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች እንደሚያሳዩት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 166 በ2016 ወደ 67 ወርዷል። ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ድርሻ አለበት። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ግን በ2016 29፣ በ2019 ደግሞ 33 ነበሩ። ልዩነቱ ከናሙና ስሕተት ወሰን (የተመረጡ ቤተሰቦችን ብቻ በመጠየቅ ከሚፈጠረው የግምት ልዩነት) ላያልፍ ስለሚችል ሞቱ ጨምሯል ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ26 ወደ 48 በመቶ ባደጉበት ጊዜ አለመቀነሱ ያሳስበኛል። መታፈን፣ ያለጊዜው መወለድና ኢንፌክሽን የሚገድሉት ሕፃን በተቋም ስለተወለደ ብቻ አይድንም፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መተንፈስ ያቃተውን የሚያግዝ የሠለጠነ እጅ፣ ከእናቱ ገላ ጋር የሚያገኘው ሙቀትና በወቅቱ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጉታል።

የእናቶች ሞት ቁጥር ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የ2016ቱ ዳሰሳ በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች እንደሚሞቱ ቢገምትም፣ የግምቱ ወሰን ከ273 እስከ 551 ይደርሳል፤ መረጃው የተሰበሰበው ስለ እኅቶቻቸው ሞት ሰዎችን በመጠየቅ ነውና። ወሰኑን ትቶ 412ን ብቻ መጥቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ይህ አኀዝ ሴቲቱ ሕክምና ለማግኘት የዘገየችው ቤት ውስጥ ይሁን፣ መንገድ ላይ ይሁን ወይስ ተቋሙ ከደረሰች በኋላ አይነግረንም። ይህን የሚያሳየው እያንዳንዱ ሞት እንዴት እንደደረሰ የተጣራበት ማኅደር ነው፤ አሁን አብዛኛውን ጊዜዬን የማውለውም በእነዚህ ማኅደሮች ላይ ነው።