ተዳፋት ግቢን በእርከን፦ የእንጨት ወለልና የድንጋይ ንጣፍ እንዴት እንዳቀድኩ

ግቢዬ ከጓሮ በር ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ያየ ሰው ቶሎ የሚመጣለት አፈር ሞልቶ ማስተካከል ነው። ግንበኛውም ያለኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ተዳፋቱን እንዳለ ልጠቀምበት ወሰንኩ፤ ከበሩ ደጃፍ የእንጨት ወለል፣ ከሱ ዝቅ ብሎ የድንጋይ ንጣፍ፣ ከዚያ በታች አትክልት። የተሞላ አፈር በደንብ ካልተጠቀጠቀ ውሎ አድሮ ይሰምጣል፤ ንጣፉንም ይዞት ይወርዳል። የእንጨት ወለል ግን በቋሚዎች ላይ ስለሚቆም ከስሩ ያለው መሬት ቢያዘነብልም ችግር የለውም። ስለዚህ መሬቱ ባልተነካበት ቦታ እንጨት፣ ተቆፍሮ ጠንካራ አፈር በተገኘበት ድንጋይ።

ወረቀትና እርሳስ ከማንሳቴ በፊት ጠረጴዛና ወንበር አውጥቼ ሳሩ ላይ ደረደርኩ። ይህን ለማንም እመክራለሁ። የተቀመጠ ሰው ወንበሩን ስቦ ሲነሳ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ኋላ 90 ሳንቲሜትር ያህል ይፈልጋል። የእኔ ጠረጴዛ 1.5 በ0.9 ሜትር ነው፤ በየጎኑ 90 ሳንቲ ሲጨመር 3.3 በ2.7 ሜትር ሆነ። ይህ መተላለፊያን አይጨምርም። ከዚያ ካስማ ተክዬ ሲባጎ ወጠርኩና ለተወሰነ ጊዜ በዚያው ተውኩት። ጠዋት ፀሐይ የት እንደምታርፍ፣ ከሰዓት በኋላ የቤቱ ጥላ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ቤተሰቡ በየት በኩል መመላለስ እንደሚቀናው ያየሁት ያኔ ነው። መመገቢያው ከሰዓት ጥላ ወደሚያገኘው ጎን የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ማዕዘኑን ለማስተካከል የግንበኞችን የቆየ ዘዴ ተጠቀምኩ፤ ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል።

ዋናው ነገር ግን ከፍታው ነው። ውሃ የሞላ ብርሃን አሳላፊ ጎማ አንዱን ጫፍ በሩ ጋ፣ ሌላውን አትክልቱ ጋ ያዝን። አየር ካልገባበት በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ይቆማል። በዚህ ስለካ ከበሩ ወለል እስከ አትክልቱ 104 ሳንቲ ዝቅታ አገኘሁ። የድንጋይ ንጣፉ ውሃ እንዳይቋጥር በየሜትሩ 2 ሳንቲ ከቤቱ ተቃራኒ ወደሆነው አቅጣጫ እንዲያዘነብል ፈለግኩ። ስፋቱ 4 ሜትር ስለሆነ ይህ ብቻ 8 ሳንቲ ወሰደ። የቀረው 96 ለስድስት ሲካፈል እያንዳንዱ ደረጃ 16 ሳንቲ ይሆናል፤ ከበሩ ወደ እንጨቱ አንድ፣ ከእንጨቱ ወደ ድንጋዩ ሦስት፣ ከድንጋዩ ወደ አትክልቱ ሁለት። መረገጫውን 30 ሳንቲ አደረግኩት። የከፍታው እጥፍና መረገጫው ሲደመር ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ከመጣ ለእግር ይመቻል፤ የእኔ 62 ነው። ከሁሉ በላይ ደረጃዎቹ እኩል ይሁኑ። እግር ሳያይ ስለሚለካ፣ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ደረጃ ሰው ይጥላል።

የእንጨት ወለሉን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አላያያዝኩትም። በራሱ ቋሚዎች ይቆማል፤ ይህም በወለሉና በግድግዳው መካከል ውሃ ገብቶ ግድግዳውን እንዳያረጥብ ነው። ቋሚዎቹም አፈር አይነኩም። ከመሬት ከፍ ባለ የኮንክሪት መሰረት ላይ፣ በብረት ጫማ ተይዘዋል። እንጨት ቶሎ የሚበሰብሰው የተቆረጠው ጫፉ እርጥበት ሲስብ ነውና እዚህ ላይ ገንዘብ አልቆጠብኩም። በጣውላዎቹ መካከል 5 ሚሊሜትር ክፍተት ተትቷል፤ ዝናቡ በዚያ ይወርዳል። ልጆች ስላሉ ጠርዙን መከታ አደረግኩለት፤ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት የልጅ ጭንቅላት እንዳያሳልፍ ከ10 ሳንቲ በታች ነው።

ከድንጋዩ ስር ያለው ስራ አይታይም፤ ንጣፉን የሚያቆመው ግን እሱ ነው። ለም አፈሩ ተጠርጎ ወጣ። ጠጠር በንብርብር እየተጠቀጠቀ 15 ሳንቲ ገባ፣ ከላዩ 3 ሳንቲ አሸዋ። ንጣፉ የሚያዘነብልበት ልክ መውጣት ያለበት ከጠጠሩ ነው። አሸዋውን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ለማስተካከል የሚሞክሩ ሰራተኞች አሉ፤ ይህን እንዳትቀበሉ። አሸዋው በወፈረበት በኩል ድንጋዩ ይሰምጣል።

ከመቆፈራችን በፊት የውሃና የፍሳሽ መስመሮቹ በየት እንደሚያልፉ አጣርተን በኖራ አሰመርን። የጣሪያው አሸንዳ የሚያወርደው ውሃ ንጣፉ ላይ እንዳይፈስ ከስሩ ቱቦ ዘርግተን ወደ አትክልቱ መራነው። የመብራት ገመድ የሚያልፍበትን ባዶ ቱቦም ያኔውኑ ቀበርን፤ ደረጃዎቹ ማታ መብራት ይፈልጋሉ። የጥላ መጠለያውን አቅሜ ሲፈቅድ እሰራዋለሁ። የቋሚዎቹን መሰረት ግን ከንጣፉ ጋር አብሬ አስወጥቻለሁ፤ በኋላ ድንጋይ መንቀል አያስፈልግም።