ሰውየው የት ሄደ?

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል አለቃዬ ጠሩኝ። «የዳታቤዙን ዲያግራም ለነገ ጠዋት ስብሰባ አድርስልኝ» አሉ። «ይቺማ ቀላል ናት» አልኳቸው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ጉራዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። ፕሮጀክቱ የተሠራው ጃንጎ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ነው። ጃንጎ ኤክስቴንሽንስ በሚባለው ተጨማሪው ውስጥ ደግሞ ግራፍ ሞዴልስ የምትባል ኮማንድ አለች። ሞዴሎቹን፣ ማለትም የዳታቤዙ ቴብሎች (ሠንጠረዦች) የተገለጹበትን ኮድ፣ አንብባ ግራፍቪዝ ለሚባለው ስዕል ሠሪ ፕሮግራም ታቀብለዋለች፤ እሱ ይስላል። የእኔ ድርሻ አንድ መስመር መጻፍ ነው። ጻፍኩ። «ሁሉንም» አልኳት።

የወጣው ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ነው። የእኛ ቴብሎች አንሰው፣ ጃንጎ ራሱ ይዟቸው የሚመጣው የፈቃዱ፣ የሴሽኑ፣ የአድሚን መዝገቡ ሁሉ ተኮልኩሏል። መሀል ላይ ፐርሰን የሚባለው የደንበኞች ቴብል ቁጭ ብሏል። ቴብል ከቴብል የሚያያይዘው ቀስት ሁሉ ወደ እሱ ነው። ግዢ እሱ ጋ፣ ክፍያ እሱ ጋ፣ ቅሬታም እሱ ጋ።

ላሳምረው ብዬ ተቀመጥኩ። ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ከግራ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ለየአፑ፣ ማለትም ለየፕሮጀክቱ ክፍል፣ ሳጥን ሠራሁለት። «የተፈጠረበት ቀን»፣ «የተሻሻለበት ቀን» የሚሉትን ኮለሞች አወጣኋቸው፤ የሌሉበት ቴብል የለም፣ የሚነግሩህም ነገር የለም። ቀስቶቹ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍም ደበቅኩ። ልቃቂቱ ግን ያው ልቃቂት።

እኩለ ሌሊት አለፈ። የፈቃዱን ቴብል፣ ፐርሚሽንን፣ ላስወጣ ስል ስሙን ሙሉ መጻፍ ታከተኝ። «ፐር» ብዬ ኮከብ ምልክት ደረብኩበት። በፐር የሚጀምር ሁሉ ይውጣ ማለት ነው።

እንዴት እንዳማረ! መስመር ከመስመር አይነካካ፣ ቀስት በቀስት ላይ አይወጣ። ለጓደኛዬ ላክሁለት። «እጅህን ቁርጥማት አይንካው» አለኝ። በኩራት ተኛሁ።

ጠዋት ስዕሉ ግድግዳው ላይ በራ። ከፕሮጀክቱ ባለቤቶች አንዷ ጠጋ ብለው በጣታቸው ተከተሉት። «ይሄ ግዢ ነው። ይሄ ክፍያ። የሚገዛው ማነው?»

ዝም።

«ሰውየው የት ሄደ?»

እኔም አብሬያቸው ፈለግኩት። ከዚያ ላብ አጠመቀኝ። ፐርሚሽን በፐር ይጀምራል። ፐርሰንም በፐር ይጀምራል። ኮከቢቱ ሁለቱንም ጠራርጋቸዋለች። ለካ ስዕሉ ያማረው በእኔ ጥበብ አይደለም፤ ቀስቱ ሁሉ የሚሮጥበት ቴብል ስለሌለ ነው!

«የደንበኞችን ምስጢር ለመጠበቅ ነው» አልኩ። ሴትየዋ ሳቁ። አለቃዬ አልሳቁም።

ከስብሰባው በኋላ ፐርሚሽንን ፊደል በፊደል ጽፌ ኮማንዷን እንደገና አስኬድኳት። ሰውየው ከነቀስቱ ተመለሰ። ልቃቂቱም ተመለሰ። ለአለቃዬ ላክሁላቸው። መልሳቸው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፦

«የጠዋቱ ነበር የሚያምረው።»